ለነፍሳት ፎቶ የሚሆን ሌንስ እንዴት ይመረጥ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በሐዋሳ ፎቶ አንሺዎች መካከል ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ነፍሳትን ፎቶ ማንሣት የሚፈልግ ሰው ምን ዓይነት የማክሮ ሌንስ (ጥቃቅን ነገሮችን ከቅርብ አጉልቶ የሚያነሣ ሌንስ) መግዛት እንዳለበት የሚመክር ሲሆን፣ ምክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ነፍሳት ስለሚሸሹ አቅም የፈቀደውን ያህል ረጅም ሌንስ፣ ቢቻል 180 ወይም 200 ሚሊ ሜትር ይገዛ፤ ሰፊ ጥልቀት (ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ብሎ የሚታይ ስፍራ) የሚሻ ግን 50 ወይም 60 ሚሊ ሜትር ይያዝ፤ አፐርቸሩ (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ፣ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር የሚጠበው) እስከ ኤፍ 32 ድረስ ይዘጋ፤ የንዝረት መቆጣጠሪያና ፈጣን አውቶ ፎከስ የሌለው ሌንስ አይታሰብ፤ ፍላሽ የተፈጥሮን ብርሃን ስለሚያበላሽ ይቅር፤ በሌንስ ላይ የሚታከሉ ቀለበቶችና ተደራቢ መነጽሮች ገንዘብ ማባከኛ ናቸው፤ ያገለገለ ሌንስም አይገዛ። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ ዘርዘር አድርጎ የሚጽፍ ሰው መገኘቱም ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ይህን ምክር ይዘው ከሰርግ ሥራ ያጠራቀሙትን ገንዘብ በሙሉ ለአንድ ሌንስ ሊያውሉ የተነሡ ወጣቶችን ስለማውቅ፣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አንሥቼ መልስ መስጠት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

የልዩነታችን ሥር አንድ ነው። ጸሐፊው ሌንስን የሚመዝኑት በላዩ ላይ በተጻፈው ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በትኩረት ርዝመቱ ነው። በእኔ እምነት ግን ለነፍሳት ፎቶ ሌንስ የሚመረጠው በሌንሱ አፍና በነፍሳቱ መካከል በሚቀረው ክፍተትና ወደዚያ ክፍተት ሊገባ በሚችለው ብርሃን ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ስለ ርዝመት ልጀምር። ረጅም ሌንስ ከነፍሳቱ እንደሚያርቅ ጸሐፊው መግለጻቸው በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው። የሚያሳስተው ርቀቱ የሚለካበት ቦታ ነው። በሌንስ መግለጫ ላይ የሚሰፍረው አነስተኛው የፎከስ ርቀት የሚቆጠረው ከካሜራው ሴንሰር (ምስሉ ከሚያርፍበት ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ) ጀምሮ በመሆኑ፣ የካሜራው ውፍረትም የሌንሱ ቁመትም በውስጡ ተካተዋል። የካኖን 180 ሚሊ ሜትር ማክሮ መግለጫው 48 ሴንቲ ሜትር ይላል፤ ነገር ግን ነፍሳቱ በራሱ መጠን ሴንሰሩ ላይ በሚያርፍበት፣ ማለትም በ1 ለ 1፣ ከሌንሱ አፍ እስከ ነፍሳቱ የሚቀረው 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የዚያው ኩባንያ 100 ሚሊ ሜትር መግለጫው 30 ብሎ በተግባር የሚቀረው 14 ገደማ ሲሆን፣ 60 ሚሊ ሜትሩ 20 ብሎ 9 ገደማ ይቀረዋል። የኒኮን 40 ሚሊ ሜትር ደግሞ 16 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ተጽፎ በእውነቱ የሚተርፈው 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሌንሱ ራሱ በነፍሳቱ ላይ ጥላውን ይጥላል።

እንግዲህ ከ100 ወደ 180 ሲታለፍ በትክክል የሚገኘው ጥቅም የ10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ነው። ለዚህም የሚከፈለው ዋጋ ብር ብቻ አይደለም። 100 ሚሊ ሜትሩ 625 ግራም ሲመዝን 180ው 1,090 ግራም ይመዝናል፤ የንዝረት መቆጣጠሪያም የለውም። ጸሐፊው በአንድ በኩል ረጅሙን ሌንስ፣ በሌላ በኩል የንዝረት መቆጣጠሪያን የግድ ሲያደርጉ ሁለቱ ምክሮች በዚህ ሌንስ ላይ እርስ በርስ እንደሚጋጩ ልብ አላሉም።

ደግሞስ ነፍሳት የሚሸሹት ርቀትን ለክተው ነው ወይ? ከአሞራ ገደል እስከ ፍቅር ሐይቅ ባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የሸምበቆ ጫፍ ላይ የሚያርፈውን የውኃ ተርብ ለተወሰነ ጊዜ ያስተዋለ ሰው መልሱን ያገኘዋል። የዚህ ነፍሳት እያንዳንዱ ዓይን እስከ 30,000 ከሚደርሱ ጥቃቅን ዓይኖች የተሠራ ሲሆን፣ ከፊቱም ከጎኑም ከበላዩም የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ያያል። የሚያስበረግገው ድንገተኛ እንቅስቃሴ፣ በላዩ የሚያልፍ ጥላና የተቀመጠበት ግንድ መነቅነቅ ነው። ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ፀሐይን ከጀርባ ሳያደርግ የሚጠጋ ሰው በ14 ሴንቲ ሜትርም ይሠራል፤ እየተወራጨ የሚመጣ ሰው ግን 24ም አያድነውም። ከዚህ በላይ የሚረዳው ሰዓቱ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ የነፍሳት ሰውነት ገና ስላልሞቀ ቶሎ መብረር አይችሉም፤ ጤዛው በክንፋቸውና በዓይናቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ይገኛል፤ ከሰዓት በኋላ ሸምበቆውን የሚያወዛውዘው የሐይቁ ነፋስም ገና አልተነሣም። ብርድ ያደነዘዘው የውኃ ተርብ ካሜራው ሲጠጋው ግንዱን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ማዶው ጎን ከመዞር ያለፈ ነገር አያደርግም።

በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ሊነሣ ይገባ ነበር የምለው ጉዳይ የሴንሰሩ መጠን ነው። ከተማችን ውስጥ በብዛት የሚታዩት ካሜራዎች ክሮፕ የሚባለው አነስተኛ ሴንሰር ያላቸው ሲሆኑ፣ የካኖኑ ሴንሰር ወርድ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የፉል ፍሬም ካሜራ ደግሞ 36 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ 4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አባጨጓሬን ከዳር እስከ ዳር ለመሙላት የፉል ፍሬም ባለቤት ወደ 1 ለ 1 መቅረብ ሲኖርበት፣ የክሮፕ ባለቤት በግማሹ መጠን ላይ ይቆማል፤ የማጉላት መጠኑ በቀነሰ ቁጥር ክፍተቱ በጉልህ ይሰፋል። ለፉል ፍሬም ካሜራ የተሰጠን የ180 ሚሊ ሜትር ምክር እንዳለ አምጥቶ ለክሮፕ ካሜራ ባለቤት መስጠት፣ ያልተቸገረበትን ችግር በብዙ ብር እንዲፈታ ማድረግ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው የ1 ለ 1 ጉዳይ ነው። ጸሐፊው 1 ለ 1 የማይደርስ ሌንስ ለነፍሳት አይሆንም ብለው ደምድመዋል። በዙም ሌንሶች ላይ «ማክሮ» የሚል ጽሑፍ ታትሞ ሲታይ አምኖ መግዛት እንደማይገባ ማሳሰባቸው ተገቢ ነው፤ ብዙዎቹ ከ1 ለ 3 ወይም ከ1 ለ 4 አያልፉም። ይሁን እንጂ «ነፍሳት» ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ፍጥረታት መጠናቸው እጅግ የተራራቀ ነው። በግቢያችን አበባዎች ላይ የምናየው፣ ብርቱካንማ ክንፉ ጫፍ ላይ ጥቁርና ነጭ ያለበት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዳናውስ ክሪሲፐስ የሚባለው ቢራቢሮ ክንፉን ሲዘረጋ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። 22 ሚሊ ሜትር ወርድ ባለው ሴንሰር ላይ ይህን ቢራቢሮ በ1 ለ 1 ለማንሣት የሞከረ ሰው የሚያገኘው የክንፉን ቁራጭ ነው። ሙሉ አካሉን ለማግኘት ከ1 ለ 3 ትንሽ ያነሰ በቂ ነው፤ ይህን ደግሞ ብዙ ሰው ከካሜራው ጋር ገዝቶ ለመድረክና ለእግር ኳስ ብቻ የሚጠቀምበት የካኖን 55–250 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይሰጣል። የዚህ ሌንስ አዲሱ እትም የማጉላት አቅሙ 0.29 ሲሆን፣ ያንንም የሚያደርገው ከሴንሰሩ 85 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው። ለቢራቢሮና ለትልልቅ የውኃ ተርቦች፣ በተለይም እግር ሊገባበት በማይችለው በጥቁር ውኃ ረግረግ ዳር፣ ይህ ሌንስ ከ180 ሚሊ ሜትር ማክሮ በሚበልጥ ክፍተት ይሠራል። ጸሐፊው ለረጅሙ ማክሮ ያቀረቡት ዋነኛ ምሳሌ ቢራቢሮና የውኃ ተርብ መሆናቸው ክርክራቸውን ይበልጥ ያዳክመዋል።

አጭሩ ሌንስ ሰፊ ጥልቀት ይሰጣል የሚለው ሁለተኛው ነጥብ በስፋት የሚታመን ስሕተት ነው። በመደበኛ ርቀት ከአንድ ቦታ ቆሞ በሁለት ሌንስ ላነሣ ሰው እውነት ይመስላል፤ ምክንያቱም አጭሩ ሌንስ ሰውየውን አሳንሶ ያሳየዋል። በማክሮ ግን ሁለቱም ሌንሶች ነፍሳቱን በእኩል መጠን እንዲያሳዩ ስለምንቀርብ፣ ጥርት ብሎ የሚታየውን ጥልቀት የሚወስኑት የማጉላት መጠኑና አፐርቸሩ ብቻ ናቸው። በክሮፕ ካሜራ፣ በ1 ለ 1፣ በኤፍ 8 ጥልቀቱ 0.64 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በኤፍ 11 ደግሞ 0.88 ይሆናል። ሌንሱ 60 ይሁን 180 ይህ ቁጥር አይለወጥም። በርዝመት የሚለወጠው ከኋላ ያለው መልክ ነው፤ ረጅሙ ሌንስ ከነፍሳቱ ጀርባ ጠባብ ስፍራ ብቻ ስለሚያይ ዳራው የለሰለሰና ከቅጠል ትርምስ የጸዳ ይሆናል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ በዚህ ነጥብ ከእርሳቸው ጋር በተስማማሁ ነበር።

ኤፍ 32 የሚለው ምክር ግን ቆም ተብሎ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ሌላውን ሁሉ በትክክል ያደረገ ሰው በዚህ አንድ ምክር ብቻ የደከመበትን ሥዕል ያጣል። ጸሐፊው የሚነሡት ከእውነተኛ ችግር ነው፦ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ጥልቀት የንብን ራስ እንኳ ሊሸፍን አይችልም፤ ስለዚህ አፐርቸሩን መዝጋት የመጀመሪያው ሐሳብ ሆኖ ይመጣል። ነገር ግን ሌንስ ወደ 1 ለ 1 ሲቀርብ ብርሃኑ ስለሚሳሳ፣ በቁጥር ኤፍ 32 የተባለው ቀዳዳ በተግባር ወደ ኤፍ 64 ይጠጋል። ብርሃን በእንዲህ ያለ ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ዲፍራክሽን በሚባለው ጠባዩ ምክንያት ይበተናል፤ አንዲት ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ስታርፍ ነጥብ መሆኗ ቀርቶ ወደ 0.09 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ክብ ትሆናለች። 24 ሜጋ ፒክሰል ባለው ክሮፕ ካሜራ አንዱ ፒክሰል 0.0037 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያቺ ነጥብ ከ20 በሚበልጡ ፒክሰሎች ወርድ ላይ ተዘርግታለች ማለት ነው። በኤፍ 11 ይኸው ክብ 0.03 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም 8 ፒክሰል ነው።

ይህ ለቁጥር ሲባል የተነገረ ቁጥር እንዳይመስል በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው መጤ ተምች በአካባቢያችን የበቆሎ ማሳዎች የሚታወቅ ጠላት ነው። ከሌሎች አባጨጓሬዎች የሚለየው በሁለት ምልክት ነው፦ ግንባሩ ላይ የእንግሊዝኛውን ዋይ ፊደል ገልብጦ የሚመስል ፈዘዝ ያለ መስመር አለው፤ ከጅራቱ ቀደም ብሎ ባለው ክፍል ላይ ደግሞ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል። ሙሉ ዕድገቱን የጨረሰ ተምች ሰውነቱ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ቢረዝምም ራሱ ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በ1 ለ 1፣ በኤፍ 11 በጥንቃቄ የተነሣ ሥዕል ይህን ራስ ወደ 700 ፒክሰል ወርድ አድርጎ ያቀርበዋል፤ የግብርና ባለሙያ ምልክቱን አይቶ ሊናገር ይችላል። በኤፍ 32 የተነሣው ደግሞ ፒክሰሉ ያው 700 ቢሆንም መስመሩ ከራሱ ጥቁረት ጋር ተደባልቆ ይሟሟል፤ ከፊት እስከ ኋላ ሁሉም ነገር እኩል ይታያል፣ እኩልም ደብዛዛ ነው። ሥዕሉ ለውበት ብቻ ሳይሆን ለማወቅ ጭምር በሚያስፈልግበት ቦታ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ጸሐፊው በኒኮን የሚሠሩ ከሆነ ምክራቸው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የኒኮን ካሜራዎች በቅርብ ርቀት ላይ በተግባር ያለውን አፐርቸር አስልተው ያሳያሉ፤ 105 ሚሊ ሜትሩ ኤፍ 2.8 የሆነው ሌንስ ወደ 1 ለ 1 ሲደርስ ኤፍ 4.8 ብሎ የሚጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ካኖን ግን ይህን አያሰላም። ስለዚህ በኒኮን ኤፍ 32 ተብሎ የሚታየው በካኖን ከኤፍ 16 እስከ ኤፍ 19 ባለው መካከል ይውላል፤ ይህም አንዳንዴ የሚቻል ነው። ምክር ሰጪ ቁጥር ሲሰጥ በየትኛው ካሜራ እንደሆነ መናገር ይኖርበታል፤ አለበለዚያ አንባቢው ቁጥሩን በራሱ ካሜራ ላይ እንዳለ ይገለብጠዋል።

ጥልቀትን ለማግኘት የተሻለው መንገድ አፐርቸሩን በኤፍ 8 እና በኤፍ 11 መካከል አድርጎ የካሜራውን ጀርባ ከነፍሳቱ ሰውነት ጋር ትይዩ ማድረግ ነው። ከጎን የታየች ንብ ግራዋ በሚባለው ቁጥቋጦ አበባ ላይ ስትሠራ፣ ዓይኗ፣ የክንፏ ሥርና የኋላ እግሯ ላይ የተጠቀጠቀው ቢጫ ጽጌ ብናኝ በአንድ ንጣፍ ላይ ሊውሉ ይችላሉ፤ ከፊት ለፊት ከተነሣች ግን ከዓይኗ ሌላ የሚጠራ ነገር አይኖርም። ጠዋት የማይንቀሳቀስ ነፍሳት ሲገኝ ፎከሱን ጥቂት ጥቂት እያንቀሳቀሱ ብዙ ሥዕል አንሥቶ በኮምፒዩተር ማዋሐድም ይቻላል።

አሁን ወደ ብርሃን ልምጣ፤ ከጸሐፊው ጋር በእጅጉ የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። ፍላሽ የተፈጥሮን ብርሃን ያበላሻል የሚለው አባባል ለመልክዓ ምድር እውነት ሊሆን ይችላል። በማክሮ ግን ሒሳቡን እንየው። በጠራራ ፀሐይ፣ በኤፍ 11፣ በ1 ለ 1፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/200 ሴኮንድ ላይ አድርጎ ለማንሣት አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ወደ 400 ያስፈልጋል፤ ነፍሳቱ ቅጠል ጥላ ሥር ካለ ደግሞ ወደ 3200 መውጣት ግድ ይሆናል። 1/200 ሴኮንድ ደግሞ በ1 ለ 1 የእጅን መንቀጥቀጥም ሆነ የምትንቀጠቀጥ ክንፍን አያቆምም። በአንጻሩ ፍላሽ በዝቅተኛ ኃይል ሲበራ ብልጭታው ከ1/10,000 ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ይቆያል፤ የካሜራው ሹተር 1/200 ቢሆንም ሥዕሉ በእርግጥ የሚነሣው በዚያች ብልጭታ ነው። እጅም ሸምበቆም ክንፍም ባሉበት ይቆማሉ። አይ ኤስ ኦው 100 ወይም 200 ላይ ስለሚቀር የጥንዚዛው ጀርባ ቀለም ሳይሻክር ይወጣል።

ጸሐፊው የሚጠሉት ዓይነት ፍላሽ ምን እንደሆነ እረዳለሁ፤ በጥንዚዛ ጀርባ ላይ ነጭ ጠባሳ የሚተው፣ ዳራውን ሌሊት የሚያስመስል ብልጭታ ማንንም አያስደስትም። ይህ ግን ከፍላሹ ሳይሆን ከብርሃኑ ምንጭ ትንሽነት የሚመጣ ነው። ከፍላሹ ፊት ነጭ ፕላስቲክ ወይም በሽቦ የተወጠረ ነጭ ጨርቅ ተደርጎ እስከ ሌንሱ አፍ ድረስ ቢዘረጋ፣ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ነፍሳት ሰማይ የሚያህል ለስላሳ ብርሃን ይሆናል። ዳራው እንዳይጨልምም ነፍሳቱን ከቅርብ ቅጠል ፊት አድርጎ መቅረጽ ይበቃል። የሌንሱ ርዝመት ከብርሃን ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው፦ ብርሃን በርቀቱ ካሬ ስለሚዳከም፣ ጨርቁ በሌንሱ አፍ አጠገብ ከሆነ ከ14 ወደ 24 ሴንቲ ሜትር መራቅ ነፍሳቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ወደ ሲሶ ያወርደዋል፤ ያው ጨርቅም ከሩቅ ሲታይ ስለሚያንስ ብርሃኑ ይሻክራል። ረጅሙ ሌንስ የሰጠውን ክፍተት ብርሃኑ ይከፍልበታል። በሌላው ጫፍ ደግሞ የ40 ሚሊ ሜትሩ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ለብርሃን መግቢያ አይተውም። በበቆሎው እምብርት ውስጥ፣ ሰጋቱራ በመሰለው ኩሱ መካከል የተሸሸገውን ተምች ለማንሣት የሞከረ ሰው፣ ቅጠሎቹ ግራና ቀኝ ግድግዳ ሆነው ሲከልሉት፣ የ90 ወይም የ100 ሚሊ ሜትር ሌንስ ክፍተት ለምን መካከለኛው መፍትሔ እንደሆነ በአንድ ጊዜ ይገባዋል።

ስለ ንዝረት መቆጣጠሪያ ባጭሩ ልናገር። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ መቆጣጠሪያው በመደበኛ ርቀት አራት ደረጃ (እያንዳንዱ ደረጃ የሹተሩን ጊዜ በእጥፍ ለማስረዘም የሚያስችል) እንደሚያግዝ፣ በ1 ለ 1 ግን ወደ ሁለት ደረጃ እንደሚወርድ ኩባንያው ራሱ አስታውቋል። መቆጣጠሪያው የሚያርመውም ወደ ጎንና ወደ ላይ ያለውን መናወጥ ነው፤ በማክሮ ይበልጥ የሚጎዳውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዛወዝ አያርምም፤ ነፍሳቱንም አያቆምም። በመመልከቻው ውስጥ ምስሉ ረጋ ብሎ እንዲታይ ማድረጉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ለእሱ ሲባል ፍላሽ የመግዣውን ብር መጨረስ አይገባም። አውቶ ፎከስ ደግሞ በዚህ ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲዋልል ይውላል፤ ማኑዋል ላይ አድርጎ የማጉላት መጠኑን ከወሰኑ በኋላ ሰውነትን በዝግታ ወደ ፊት ማስጠጋት የተለመደው አሠራር ነው።

ቀለበትና ተደራቢ መነጽር ገንዘብ ማባከኛ ናቸው መባሉ ግን አስቆጥቶኛል ብል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም እነዚህ ዕቃዎች አቅም የሌለውን ሰው ወደዚህ ሥራ የሚያስገቡ በሮች ናቸው። ቀለበቱ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ፣ መስታወት የሌለው ባዶ ቱቦ ነው፤ የሚጨምረው የማጉላት መጠን የቀለበቱ ርዝመት ለሌንሱ ርዝመት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ የ25 ሚሊ ሜትር ቀለበት ግማሽ መጠን ይጨምራል። መስታወት ስለሌለው የሚያበላሸው ጥራት የለም፤ ገዢው ሊጠነቀቅ የሚገባው የኤሌክትሪክ መገናኛ የሌለውን ርካሽ ዓይነት እንዳይገዛ ነው፤ እንዲህ ያለው ቀለበት በአሁኑ ዘመን ሌንስ ላይ አፐርቸሩን ለመቆጣጠር አያስችልም።

ተደራቢው መነጽር ይበልጥ ያስደንቃል። ሬይኖክስ 250 የሚባለው አቅሙ 8 ዲዮፕተር (የመነጽር ኃይል መለኪያ) ስለሆነ የትኩረት ርዝመቱ 125 ሚሊ ሜትር ነው። ቀደም ብዬ ባነሣሁት 55–250 ሌንስ ላይ ከፊት ተቆንጥጦ ሌንሱ ወደ ሩቅ ፎከስ ሲደረግ፣ በ125 ሚሊ ሜትር ላይ 1 ለ 1፣ በ250 ላይ 2 ለ 1 ይሰጣል። የሚቀረው ክፍተት በሁለቱም 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህም ከ100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ክፍተት ብዙም የማያንስ ነው። የሥዕሉ ጠርዝ ከእውነተኛ ማክሮ ሌንስ እኩል አይጠራም፤ ሰነድ ወይም ቴምብር ለሚያነሣ ሰው ይህ ጉድለት ነው። ነፍሳት ግን ብዙውን ጊዜ መካከሉ ላይ ስለሚውሉና ጠርዙ ከፎከስ ውጪ ስለሚሆን ጉድለቱ አይታይም። የግብርና ተማሪ ከዚህ ዕቃና ከአንድ መካከለኛ ፍላሽ ጋር ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚበቃ ሥዕል ሊያነሣ ይችላል።

ጸሐፊው የነፍሳት ሌንስ ሁሉ ቁንጮ አድርገው ያቀረቡት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የካኖን 65 ሚሊ ሜትር ከ1 እስከ 5 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ በእርግጥ ድንቅ ነው፤ ለጀማሪ ማቅረብ ግን አግባብ አይደለም። ከ1 ለ 1 በታች ስለማይሠራ ቢራቢሮውንም የውኃ ተርቡንም አያነሣም፤ አውቶ ፎከስ የለውም፤ በ5 እጥፍ ላይ ክፍተቱ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ በኤፍ 2.8 ሙሉ በሙሉ ቢከፈት እንኳ በተግባር ወደ ኤፍ 17 ስለሚጠጋ ያለ ፍላሽ የሚታሰብ አይደለም። ፍላሽን የሚከለክል ጽሑፍ ይህን ሌንስ መምከሩ ለእኔ ሊገባኝ አልቻለም።

ነፍሳትን ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዞ ማንሣትን በተመለከተ የሰጡት ምክርም መቅረት አለበት። ከፍሪጅ የወጣ ነፍሳት እግሩ ከሥሩ ታጥፎ፣ ላዩ ላይ ውኃ አዝሎ ይወጣል፤ በሥዕሉ ላይ ያስታውቃል፤ ሊሞትም ይችላል። ንጋቱ ራሱ ያለ ጉዳት የሚያደርገውን በሣጥን ማድረግ ምንም አይጠቅምም።

የመጨረሻው ነጥባቸው ያገለገለ ሌንስ ፈጽሞ አይገዛ የሚለው ነው። እንደ እኔ ከሆነ ያገለገለ የ90፣ የ100 ወይም የ105 ሚሊ ሜትር ማክሮ፣ ከፍላሽና ከነጭ ጨርቅ ጋር፣ ከአዲስ 180 ብቻውን ይበልጣል። የታምሮን 90 ሚሊ ሜትር ዘር እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን አሮጌዎቹ እንኳ እጅግ ጥርት ያለ ሥዕል ይሰጣሉ፤ ማክሮ ሌንስ በጥራቱ የሚታማ አይደለም። የሚያስፈራው እርጥበት ባለበት ቦታ ተዘግቶ የኖረ ሌንስ የሚያበቅለው ሻጋታ ነው፤ እንደ እኛ ባለ የሐይቅ ዳር ከተማ ደግሞ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ስለዚህ ገዢው የሌንሱን ሁለት ክዳኖች አንሥቶ በስልክ መብራት ከኋላ እያበራ ከፊት ይመልከት፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ክር ካየ ይተወው። ከካሜራው ጋር አያይዞ በኤፍ 11 ጥቂት ሥዕል እያነሣ የአፐርቸሩ ቢላዋዎች ሳይዘገዩ መዘጋታቸውንና ዘይት ያልነካቸው መሆኑን ያረጋግጥ። የፎከስ ቀለበቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሮ የሚያንገራግጭ ወይም የሚላወስ ነገር እንዳለ በእጁ ይፈትሽ። ከዚያም አንድ የብር ኖት ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግቶ በ1 ለ 1 ያንሣና ጥቃቅኖቹ የኅትመት መስመሮች በአራቱም ማዕዘን እኩል መነበባቸውን በካሜራው ስክሪን ላይ አጉልቶ ይይ፤ አንዱ ማዕዘን ከሌሎቹ ተለይቶ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ የሚያውቅ ሊሆን ስለሚችል ለሻጩ መመለስ ነው።